ብሎግ ስለመጻፍ የሚወራውና እውነታው

ብሎግ ልጀምር ያለ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ «ከ1500 ቃል በታች ከጻፍክ ጊዜህን አታባክን» ይለዋል። ሌላው «በየቀኑ ካልለጠፍክ ተረሳህ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ርዕሱ ላይ «ጉድ!» ካልተጨመረ ማንም አይከፍተውም ብሎ ይምላል። አብዛኛው ምክር ከእንግሊዝኛ እንዳለ የተገለበጠ ነው። ለእንግሊዝኛውም ቢሆን ብዙው ጊዜው አልፎበታል። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ጭራሽ የማይገጥም አለበት።

በተደጋጋሚ የምሰማቸውን እዚህ ላንሳ። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ፤ እንጀራ ስለመጋገር የሚጽፍ ሰው እንበል። አንባቢዋ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለች፣ ሊጥ አቡክታ እንጀራው እንቢ ያላት ሴት ናት።

«ረጅም ካልሆነ ጉግል አያወጣውም»

ጉግል ይህን ጥያቄ ለጸሐፊዎች ባወጣው መመሪያ ላይ ራሱ አንስቶ መልሶታል። የምንመርጠው የቃል ብዛት የለም ይላል። እንደዚህ በግልጽ ተጽፎ እያለ ወሬው አሁንም አልሞተም።

በአማርኛ ሲሆን ቁጥሩ ይብስ ትርጉም ያጣል። የእኛ ግስ ማን እንዳደረገው፣ ለማን እንዳደረገው፣ አለማድረጉንም ጭምር በአንድ ቃል ይሸከማል። እንግሊዝኛ በአምስት ወይም በስድስት ቃል የሚለውን አማርኛ አንዳንዴ በአንዱ ይጨርሰዋል። ስለዚህ 1500 ቃል የሚባለውን ልክ እንዳለ የወሰደ ሰው፣ ሳያስበው ከእንግሊዝኛው ጸሐፊ በጣም የረዘመ ጽሑፍ እየጻፈ ነው። ወሬ ሲያልቅበት ደግሞ ያንኑ እየደገመ ይሞላዋል።

ርዝመቱን የሚወስነው ጥያቄው ነው። ፓስፖርት ለማሳደስ ምን ምን ይዤ ልሂድ ለሚል ሰው 300 ቃል ይበቃዋል። እንጀራ ከዱቄቱ እስከ ምጣዱ ድረስ ለማስተማር 2000 ቃልም ላይበቃ ይችላል።

«ጥሩ ጽሑፍ ከታሪካዊ ዳራ ይጀምራል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የብዙ ጽሑፍ መሞቻ ይህ ነውና። ትምህርት ቤት መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ተብለን አደግን። መግቢያ ማለት ደግሞ ከሩቅ መነሳት ነው የሚል ነገር በውስጣችን ቀረ። ስለዚህ የእንጀራው ጽሑፍ እንዲህ ይጀምራል፦

«እንጀራ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ፣ በእያንዳንዱ ቤት የሚዘወተር፣ የማንነታችን መገለጫ የሆነ ባህላዊ ምግብ ነው።»

ይህን የማያውቅ አማርኛ አንባቢ ማን ነው? ያቺ ፍራንክፈርት ያለችው ሴት እንጀራ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ምጣዱ ግሏል፤ የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ድፍን ብሎ ወጥቷል፤ በአንድ እጇ ስልክ ይዛለች። እሷን የሚይዛት አጀማመር ይህ ነው፦

«እንጀራው ዓይን ካላወጣ መጀመሪያ ሦስት ነገር እዩ፦ ሊጡ በደንብ ቦክቷል? አብሲት ጥላችኋል? ምጣዱ በቂ ግሏል?»

ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ይመጣል። ከቦካው ሊጥ ላይ የተንሳፈፈውን ውሃ መድፋት፣ ከሊጡ ትንሽ ወስዶ በውሃ እያማሰሉ አብሲት ማብሰል፣ በረድ ሲል መልሶ መቀላቀል፣ ኩፍ እስኪል መጠበቅ። አውሮፓ በክረምት ወጥ ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ሊጡ አዲስ አበባ ከሚፈጅበት ቀን በላይ ሊቆይ እንደሚችልም መናገር ይገባል። ዓይኑ የሚፈጠረው እርሾው ሲሠራ ከሚወጣው ጋዝ ነውና፣ በብርድ የተኛ እርሾ ዓይን አይሰጥም። የጤፍ ታሪክ መጻፍ የሚወድ ሰው ከዚህ በኋላ ይጻፈው፤ የሚከለክለው የለም።

ያኮብ ኒልሰን የተባለ የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጥናት፣ ከተፈተኑት ሰዎች 79 በመቶው አዲስ ገጽ ሲከፍቱ በዓይናቸው ቃኘት አድርገው የሚያልፉ ነበሩ። ቃል በቃል ያነበቡት 16 በመቶ ብቻ ናቸው። ያኔ ሰው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር የሚያነበው። አሁን ታክሲ ውስጥ ቆሞ ነው።

«ርዕስ ነገሩን መደበቅ አለበት፤ ካልሆነ አይከፍቱትም»

«ይህን ሳታዩ እንጀራ እንዳትጋግሩ!» ይከፈታል፤ እውነት ነው። ግን ገብቶ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይመጣም። በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ደግሞ ይብሳል፤ የተታለለ ሰው ዝም ብሎ አይወጣም፣ «ውሸት ነው አትክፈቱት» ብሎ ከሥሩ ይጽፋል።

«ስለ እንጀራ አጠቃላይ መረጃ» የሚለውም አይሠራም። ማንም ሰው በሕይወቱ አጠቃላይ መረጃ ፈልጎ አያውቅም። «እንጀራዬ ለምን ዓይን አያወጣም?» ብሎ ግን ይፈልጋል። ርዕሱን የጥያቄው ባለቤት በምትናገርበት አፍ መጻፍ ከሁሉም ይሻላል። ሊንኩ ሲላክ በስልክ ላይ የሚታየው ርዕሱና የመጀመሪያው አንድ ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ዋናውን ቃል ወደ ፊት ማምጣትም ይጠቅማል።

«ከበድ ያለ አማርኛ ክብር ይሰጣል»

ይህን ዐረፍተ ነገር ተመልከቱ፦ «የሊጡን የመቦካት ሂደት ከማፋጠን አንጻር የሙቀት መጠኑን ከፍ የማድረግ ሥራ ሊሠራ ይገባል።»

ሊል የፈለገው፦ «ሊጡ ቶሎ እንዲቦካ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት።»

የመጀመሪያው ከስብሰባ ቃለ ጉባኤና ከዜና የተለመደ አማርኛ ነው። «ከማድረግ አኳያ»፣ «ሥራ እየተሠራ ይገኛል»፣ «ምቹ ሁኔታ መፍጠር»። እነዚህ ሲበዙ ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋል። እኔ በበኩሌ «አንጻር» የሚለውን ቃል ጽሑፍ ላይ ሳገኝ መጀመሪያ የምሞክረው መሰረዝ ነው፤ ዘጠና ከመቶ ምንም አይጎድልም። ቁጥሩ ግን ለጨዋታ ያህል ነው።

ጮክ ብሎ ማንበብ ጥሩ መፈተኛ ነው። ለእናቱ በስልክ እንዲህ ብሎ የማይነግራትን ነገር ሰው ለምን ይጽፈዋል?

«ቁልፍ ቃሉን ደጋግመህ ክተት»

«እንጀራ አሠራር» የሚለውን ሐረግ በእያንዳንዱ አንቀጽ ሦስት ጊዜ የሚያስገባ ጽሑፍ አይታችኋል። ይህ የድሮ ብልሃት ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2009 በገጹ ጀርባ የሚሞላውን የቁልፍ ቃላት መስመር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በይፋ ተናግሯል። አንድን ቃል ያለ ቦታው ማጨቅንም መመሪያው በአይፈለጌነት ይመድበዋል።

የአማርኛ ጸሐፊ ትልቁ ጣጣ ግን ሌላ ነው። ሞክሼ ፊደሎች! አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ»፣ ሌላው «ፀሃይ» ይጽፋል። «ዓመት» እና «አመት»፣ «ኃይል» እና «ሀይል» እንዲሁ። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚፈልግም ብዙ ነው። ይህን ያየ አንዳንድ ጸሐፊ ሁሉንም አጻጻፍ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ይበትናል፤ አንዱ ይያዛል ብሎ። ውጤቱ ፊደል የማያውቅ ሰው የጻፈው የሚመስል ነገር ነው።

የሚሻለው አንድ አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት ነው። ሰዎች በብዛት የሚጽፉት ሌላ ከሆነ እሱን በገጹ መግለጫ ላይ ወይም ከጽሑፉ መሃል በአንድ ቦታ ማስገባት ይቻላል። የሚጽፉትን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። ፍለጋው ላይ የመጀመሪያዎቹን ፊደሎች ጻፉና የሚመጡትን ጥቆማዎች እዩ። ብሎጉን ከጉግል ሰርች ኮንሶል (ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ካዘጋጀው መሣሪያ) ጋር ያገናኘ ሰው ደግሞ አንባቢዎች በየትኛው ቃል ፈልገው እንደመጡ በዝርዝር ያገኘዋል። ነፃ ነው፤ ግን ብዙ ሰው አይከፍተውም።

እግረ መንገዴን፦ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ መትቶ አራት ነጥብ ማስመሰል ይቅር። ስልኩ ላይ እውነተኛው «።» አለ። በዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች ለኮምፒውተርና ለስልክ በሚመዘገቡበት ሥርዓት) ውስጥ የዐረፍተ ነገር መዝጊያ ተብሎ የተመዘገበው እሱ ነው። አስመሳዩ ከፊቱ ክፍት ቦታ ካገኘ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር ወርዶ ይቀመጣል፤ ያስጠላል።

«ቀኑን ሁሉም ሰው ያውቀዋል»

«ከመስከረም 2018 ጀምሮ ክፍያው ተቀይሯል።» የትኛው መስከረም? በእኛ አቆጣጠር 2018 ዓ.ም. የገባው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነው። በፈረንጆቹ ያነበበ ሰው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላለ አንባቢ ግልጽ የሆነው፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ላለው እንቆቅልሽ ነው። ሁለቱን አቆጣጠር እያቀላቀሉ የሚኖሩ ሰዎች ናቸውና።

ሰዓቱም ያው ነው። «ፕሮግራሙ 2 ሰዓት ላይ ይጀምራል» ሲባል የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት በፈረንጅ ስምንት ነው። ስለዚህ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» መጨመር፣ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ማለት ትንሽ ሥራ ነው። ሰው ቀጠሮ ከሚያልፍበት ይሻላል። በኔ እይታ የአማርኛ ብሎጎችን እምነት ከሚያሳጡ ነገሮች ይህ ዋነኛው ነው፤ ማንም ግን እንደ ስህተት አይቆጥረውም።

«ፎቶ በበዛ ቁጥር ያምራል»

ሒሳቡን እንሥራ። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የድረ ገጽ አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። 1500 ቃል ያለው የአማርኛ ጽሑፍ በሙሉ ከ20 እስከ 25 ኪሎባይት አካባቢ ነው። ከስልክ እንዳለ የተጫነ ፎቶ በቀላሉ 4 ሜጋባይት ይሆናል። አንዱ ፎቶ ብቻ የ160 እና ከዚያ በላይ ጽሑፎች ያህል ዳታ ይበላል ማለት ነው። ጥቅል ገዝቶ የሚያነብ ሰው አምስት እንዲህ ያለ ፎቶ ሲጫን አይጠብቅም፤ ይዘጋዋል።

ፎቶ አታድርጉ ማለቴ አይደለም። የአብሲቱን ውፍረት በቃል ከመግለጽ አንድ ፎቶ ይበልጣል። ግን ከመጫኑ በፊት ስፋቱን ወደ 1200 ፒክስል ማውረድና መጭመቅ ነው፤ ወደ 200 ኪሎባይት ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፣ ስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም።

ጽሑፍን በፎቶ መለጠፍ የሚባል ልማድም አለ። ድሮ ምክንያት ነበረው፤ ብዙ ስልክ ላይ አማርኛ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነበር የሚታየው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም ስልኮቹ ለመድረስ ዓመታት ወስዶባቸዋል። ዛሬ ያ ችግር የለም ማለት ይቻላል። በፎቶ የተለጠፈ ጽሑፍ ግን እንደ ጽሑፍ አይገለበጥም፣ ማየት የተሳነው ሰው የሚጠቀምበት አንባቢ መተግበሪያም በቀላሉ አያነበውም።

«በየቀኑ መለጠፍ ግዴታ ነው»

አይደለም። በሳምንት አንድ የሚጠቅም ነገር ይሻላል። ይህን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

«ሁሉም ተጽፎ አልቋል»

ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚል ዓምድ ነበረው። አንባቢ በደብዳቤ ይጠይቃል፣ እሱ ይመልሳል። ስለ ጨረቃም፣ ስለ ትዳርም፣ ስለ በሽታም ይጠየቅ ነበር። ርዕሱን ሰው ያመጣለት ነበር እንጂ ብቻውን ቁጭ ብሎ አልፈጠረውም።

ዛሬ ደብዳቤው ፌስቡክና ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው ያለው። በውጭ የሚኖሩ ሐበሾች ግሩፕ ውስጥ ገብታችሁ አንድ ሳምንት ጥያቄዎቹን ብቻ አንብቡ። «ጤፍ ከገብስ ጋር በስንት ልቀላቅል?»፣ «የኤሌክትሪክ ምጣዱ ይይዝብኛል፣ ምን ላድርግ?»፣ «ለእርሾ የማስቀምጠው ሊጥ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል ወይ?» በእንግሊዝኛ ስለ እንጀራ ብዙ ተጽፏል። ለእነዚህ በአማርኛ በሥርዓት የተመለሰ መልስ ፈልጉ፤ ጥቂት ነው የምታገኙት። ከሥሩ ያሉት አስተያየቶች ግን በተሞክሮ የሞሉ ናቸው፣ ነገ ግሩፑ ውስጥ ተቀብረው ይቀራሉ።

«ከለጠፍኩት በኋላ አለቀ»

ይህ የጋዜጣ አስተሳሰብ ነው። ታትሞ የወጣ ጋዜጣ አይመለስም፤ ብሎግ ግን ይታረማል። ዋጋ ይለወጣል፣ የመሥሪያ ቤት አሠራር ይቀየራል፣ ሊንክ ይሞታል። አዲስ ጽሑፍ ከመጻፍ ብዙ ሰው የሚያነበውን አሮጌ ጽሑፍ ማደስ አንዳንዴ የበለጠ ይጠቅማል። አንባቢ አስተያየት ላይ ስህተት ካገኘም ምላሹ «እናመሰግናለን» ብቻ ሳይሆን ጽሑፉ ላይ መግባት አለበት፤ ሁሉም ሰው እስከ አስተያየቱ ድረስ አይወርድም። ከርዕሱ ሥር «ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ታድሷል» የሚል አንድ መስመርና ምኑ እንደተቀየረ መጻፍ ይበቃል። ዝም ብሎ ቀኑን ብቻ አዲስ ማድረግ ግን ማጭበርበር ነው፤ አንባቢም ውስጡን አይቶ ይነቃል።