ፍሎት ቲዩብ ምንድን ነው? የቱንስ እንግዛ?

የጭነት መኪና ከመነዳሪ ተነፍቶ ውሃ ላይ ተቀምጧል እንበል። መሃሉ ላይ ጠንካራ ሸራ ተወጥሮ መቀመጫ ሆኗል። አጥማጁ እዚያ ቁጭ ብሎ፣ እግሩን ውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ አሳ ያጠምዳል። ፍሎት ቲዩብ ማለት ይሄው ነው። የድሮዎቹ የተሠሩትም ከዚሁ ከመነዳሪ ነበር።

በእጅ የሚያዝ መቅዘፊያ አያስፈልገውም። እግር ላይ እንደ ዳክዬ እግር ሰፋ ያለ የጎማ ጫማ ይጠለቃል። በሱ ውሃውን ስትገፉት ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። እጃችሁ ለዘንጉና ለመንጠቆው ነፃ ይሆናል። ዳር ቆመው ክር ሲወረውሩ የማይደረስበት ቆሮሶና አምባዛ ጋ የሚያደርሳችሁም ይሄ ነው።

ክብ የሆነው ርካሽ ነው፣ ግን ለመግባትም ለመውጣትም ያስቸግራል። ቢገለበጥ ደግሞ መሃሉ ላይ ሰው ይይዛል። እኔ ለማንም አልመክረውም። ፊት ለፊቱ ክፍት የሆነው፣ የፈረስ ጫማ የሚመስለው ይሻላል። ኋላው እንደ ጀልባ አፍንጫ የሾለው ደግሞ ውሃውን እየሰነጠቀ ስለሚሄድ እግር አያደክምም። የምትችሉ ከሆነ እሱን ግዙ። አየር የሚይዘው ክፍል ግን ከአንድ በላይ ይሁን። አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ዳር ያደርሳችኋል። የሚሸከመውን ክብደት ስታዩም የራሳችሁን ኪሎ ብቻ አትቁጠሩ፤ ልብሱም ዕቃውም አለ።

ለኛ ለሰሜን ሸዋ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ዳገቱና ቁልቁለቱ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ። ቆላ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚበልጥ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጥርቅም አድርጋችሁ የነፋችሁት ቲዩብ ታች ስትደርሱ ይላላል። ግልባጩ ደግሞ ይብሳል። ሮቢት ላይ የተነፋውን መኪና ላይ ጭናችሁ ጣርማ በርን ስትወጡ እያበጠ ይሄድና ስፌቱን ሊተረትረው ይችላል። ስለዚህ ተንፍሶ ይጓዝ፣ ውሃው ዳር ይነፋ። ፓምፑንም አብራችሁ ግዙ።

ይሄ ዕቃ ለረጋ ውሃ ነው። ለግድብ፣ ለኩሬ፣ ለሐይቅ። ጀማን የመሰለ ወራጅ ወንዝ ላይ፣ በተለይ በክረምት፣ በፍጹም አይሞከርም። አዞ ወይም ጉማሬ ያለበት ውሃም እንደዚያው፤ እግራችሁ ውሃ ውስጥ ነው። ቆላ ላይ ቢልሃርዚያም አለ። እስከ ደረት የሚደርስ፣ ውሃ የማያስገባ ሱሪ ልበሱ። ደጋው ላይ ደግሞ ይኸው ሱሪ ከብርዱ ያድናችኋል። ላይፍ ጃኬት የግድ ነው።

ፀሐይ ላይ የተነፋ ቲዩብ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ትንሽ ይሟሽሻል። ወደ መሃል ከመግባታችሁ በፊት ዳር ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጡበትና በእጃችሁ ጫን እያደረጋችሁ እዩት። ከላላ ጨምሩበት።