«የባሕር ልማድ» ምንድን ነው?

አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አላን ፖ እ.ኤ.አ. በ1838 ስላሳተመው ልብ ወለድ፣ «የአርተር ጎርደን ፒም ትረካ»፣ በተወራ ቁጥር «በዚያ ዘመን የተራበ መርከበኛ ሰው እንዲበላ የባሕር ሕግ ይፈቅድለት ነበር» የሚል አይጠፋም። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ ደግሞ፣ ደራሲው ከዓመታት በኋላ በእውን የሚሆነውን ተንብዮአል የሚል ጨመረበት። የባሕር ሕግ ለማስተምር ሰው ሁለቱንም ማለፍ ያስቸግራል።

የባሕር ሕግ ስለ ጭነት፣ ስለ መርከበኛ ደመወዝ፣ ከአደጋ ስለተረፈ ንብረት ይደነግጋል። «የባሕር ልማድ» የሚባለው ግን የትም ያልተደነገገ፣ መርከባቸው ሰጥሞ ምግብና ውኃ ያለቀባቸው ሰዎች ከመካከላቸው ማን ሞቶ ለሌሎቹ ምግብ እንደሚሆን ዕጣ የሚጣጣሉበት ስምምነት ነው። የተረፉት ታሪኩን በግልጽ እየተናገሩ ሳይከሰሱ መቅረታቸው ብዙዎችን አሳስቷል፤ ሕግ ዝም አለ ማለት ግን ፈቀደ ማለት አይደለም።

የልማዱ ዋና ነገር መብላቱ ሳይሆን ዕጣው ነው። ዕቁብን አስቡ፤ ወረቀቱ ሲጠቀለል ዳኛውም ጸሐፊውም እንደማንኛውም አባል ስማቸው ይገባል፤ ሁሉም እያየ ይወጣል፤ ቀድሞ የተስማማ ሰው በኋላ ማጉረምረም አይችልም። በጀልባዋም ካፒቴኑና ተላላኪው ልጅ እኩል ናቸው። ልዩነቱ በዕቁብ ዕጣው የሚወጣለት ሲሆን እዚህ የሚወጣበት መሆኑ ነው፤ ረሃቡ ከቀጠለም ቀሪዎቹ እንደገና ይጥላሉ፣ በየዙሩ አንድ አባል የሚጎድልበት ዕቁብ ማለት ነው። በዮናስ መርከብ ላይ የተጣለው ዕጣ በደለኛውን ለማወቅ ነበር፤ ይኸኛው ማንም ሳይበድል ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1820 ዓሣ ነባሪ ገጭቶ ካሰጠማት ከኤሴክስ መርከብ በተረፉት ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ ከወራት መንከራተት በኋላ ዕጣው የወጣው የገዛ ካፒቴኑ ዘመድ በሆነው በወጣቱ ኦወን ኮፊን ላይ ነበር።

ወደ «ትንቢቱ» ስንመጣ፣ በልብ ወለዱ ውስጥ የሚበላው ሰው ሪቻርድ ፓርከር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1884 ሚኞኔት የተባለችው ጀልባ ሰጥማ በነፍስ አድን ጀልባ ከተረፉት አራት ሰዎች መካከል የተበላው የ17 ዓመት ልጅም ስሙ ሪቻርድ ፓርከር ነበር። የስሙ መገጣጠም በእርግጥ ያስደንቃል፤ ነገር ግን ዋናውን ነገር ሸፍኖብናል። እውነተኛው ፓርከር ዕጣ አልወጣበትም፤ ዕጣ ይጣል የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ሳይፈጸም ቀርቶ፣ የባሕር ውኃ ጠጥቶ ታሞ የተኛውን ልጅ፣ ሚስትም ልጅም የለውም በሚል ገደሉት። በዕቁብኛ ብናገር፣ ዳኛው ሳያወጣ ወረቀቱን ገልጦ ያነበበ ያህል ነው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት አስገዳጅ ሁኔታ ለግድያ መከላከያ አይሆንም ብሎ ገዳዮቹን፣ ካፒቴኑን ዳድሊንና ምክትሉን ስቲቨንስን፣ ሞት ፈረደባቸው፤ ቅጣቱ በኋላ ወደ ስድስት ወር እስራት ተለወጠ። (ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ስለሚጠይቁኝ ልበለው፤ ዕጣ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈረድ ነበር የሚለው የዚያ መዝገብ ጭብጥ አልነበረም።)

ልብ ወለዱ የሚያስፈራው ግን ሥርዓቱ ሳይጓደል በመፈጸሙ ነው። በተሰባበረችው መርከብ ላይ ከቀሩት አራት ሰዎች መካከል ዕጣ እንጣል ያለው ራሱ ፓርከር ነው፤ ተራኪው ፒም ሲቃወመው ቆይቶ በመጨረሻ አራቱን ስንጥሮች በእጁ ይዞ የሚያስወጣው እርሱ ይሆናል፤ አጭሯን የመዘዘ ይሞታል። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ፒተርስና አውጉስጦስ፣ አውጥተው ይተርፋሉ፤ ሁለት ስንጥርና ሁለት ሰው ይቀራል። ፒም ማውጣቱ ከመጀመሩ በፊት ከባልንጀሮቹ አንዱን አጭሯን እንዲመዝ ለማታለል ዘዴ ሲያወጣና ሲያወርድ መቆየቱን አይደብቅም። ፓርከር አጭሯን ይመዛል፤ ሳይታገልም ይሞታል።

«ሌላ ምን ምርጫ ነበራቸው?» ለሚለው ያው አስተያየት ሰጪ የምመልሰው ከመጽሐፉ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፒም ቀድሞ ያስቀመጠውን መጥረቢያ ያስታውሳል። በመጥረቢያው ወለሉን ፈልጠው ከሥሩ ካለው ውኃ ከገባበት የስንቅ ክፍል ወይራ፣ የአሳማ ሥጋ፣ ወይንና በሕይወት ያለ ትልቅ ኤሊ ያወጣሉ። ስንጥሮቹ ሲመዘዙም መጥረቢያው እዚያው መርከቧ ላይ ነበር።