ሺየሆውዩ ምንድን ነው?

አንድ ሰው «ድር ቢያብር» ብሎ ዝም ቢል፣ ቀሪውን በልቡ የማይጨርስ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። አንበሳው ሳይጠራም ከተፍ ይላል። ቻይናውያን ይህን ልማድ ራሱን የቻለ የአባባል ዓይነት አድርገውታል። ስሙ ሺየሆውዩ ነው፤ ኋላውን የሚያሳርፉት ንግግር እንደማለት። ተናጋሪው ፊት ያለውን ምስል ይሰጥና ያርፋል። ፍሬው ያለበትን የኋለኛውን ግማሽ ሰሚው ያውቀዋል።

«ሸለምጥማጥ ዶሮን እንኳን አደረሰሽ ሊላት ሄደ» ይላሉ። የእነሱ አውሬ ከኛው ትንሽ ይለያል፣ የዶሮ ሌባነቱ ግን ያው ነው። ሳይነገር የሚቀረው «ለደግ አልመጣም» የሚለው ነው። ከመሬት ተነስቶ ለሚለማመጥ ሰው ይሆናል።

እኔን የሚነካኝ ግን ይኼ ነው፦ «ዲዳ ሁዋንግሊያን በላ»። ሁዋንግሊያን ለመድኃኒት የሚሆን ሥር ነው፤ ምሬቱ እንደ ኮሶ ነው በሉት። ቀሪው «ምሬቱን መናገር አይችልም» ይላል። ተበድሎ አቤት የሚልበት ላጣ ሰው የሚባል ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ስንቴ አይተነዋል!

ሌሎቹ ደግሞ በድምፅ ይጫወታሉ። «የእህት ልጅ ፋኖስ ያዘ» ሲባል ቀሪው «ጃው ጂዩ» ነው፤ ለአጎቱ አበራ። ጂዩ የእናት ወንድም ነው። በዚያው ድምፅ የሚነገር ሌላ ጂዩ ግን «የድሮ» ማለት ስለሆነ፣ ጃው ጂዩ «እንደ ድሮው» ይሆናል። አንዱን ቻይናዊ ሥራ እንዴት ነው ብለህ ስትጠይቀው ስለ ፋኖስ ካወራልህ፣ «ያው ነው» እያለህ ነው። «ኮንፊሺየስ ቤት ቀየረ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የሊቁ ጓዝ መጽሐፍ ብቻ ነው። መጽሐፍ «ሹ» ይባላል፤ መሸነፍም «ሹ» ነው። በጨዋታ ሁሌ ለሚሸነፍ ሰው ይባላል።

ሰምና ወርቅ ትዝ አላችሁ? ትክክል ነው፤ ኅብረ ቃሉ ቁጭ ብሏል። ልዩነቱ፣ ባለቅኔ ወርቁን ፈልጋችሁ እንድታገኙት ይደብቀዋል። የሺየሆውዩ ወርቅ ግን ቀድሞም በሁሉም እጅ ነው። ለዚህም ነው ባዕድ ሰው ደጅ የሚቀረው።

በታኅሣሥ 1970 (እ.ኤ.አ.) ማኦ ዜዱንግ ቤጂንግ ላይ ለአሜሪካዊው ጋዜጠኛ ለኤድጋር ስኖው ራሱን «ጃንጥላ የያዘ መነኩሴ» ብሎ ገለጸለት። ስኖው ከ1936 ጀምሮ ያውቀዋል። ይህን ሲሰማ ግን ፊት ያለውን ምስል ብቻ ያዘ። በ1971 ላይፍ መጽሔት ላይ፣ ማኦ ራሱን የሚያፈስ ጃንጥላ ይዞ ዓለምን የሚዞር ብቸኛ መነኩሴ አድርጎ እንደሚያይ ጻፈ። አንባቢው አንጀቱን የሚበላ፣ የደከመው ሽማግሌ አየ።

የቡድሃ መነኩሴ ራሱን ይላጫል፤ ስለዚህ ፀጉር የለውም። ጃንጥላው ደግሞ ሰማዩን ይጋርደዋል። ቀሪው ግማሽ «ፀጉር የለም፣ ሰማይ የለም» ነው። ፀጉር «ፋ» ነው። ዜማው ትንሽ ይለይ እንጂ ሕግም «ፋ» ነው። ቻይናዊ ጆሮ የሚሰማው «ሕግ የለም፣ ሰማይ የለም» የሚለውን ነው። ማኦ የነገረው፣ ምድር ላይ ሕግ፣ ላይ ደግሞ ሰማይ የማያስቆመው ሰው መሆኑን ነበር።