ዳውንትለስ በመደርደሪያ ላይ፦ የአንድ ቦምብ ጣይ ሞዴሎች

ኤስቢዲ ዳውንትለስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነበር። አፍንጫውን ደፍቶ ወደ መርከብ ይወርድና ቦምቡን ለቆ ቀና ይላል። ዛሬ የሞዴል ሰብሳቢ ቤት አይጠፋም። እቤት የሚገጣጠም የፕላስቲክ ሞዴል አለው፤ ተቀብቶ ከነማቆሚያው የሚሸጥ የብረት ሞዴልም አለው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሞዴሉ መጠን በስኬል ይነገራል። 1/48 ማለት እውነተኛው 48 ጊዜ ተቀንሷል ማለት ነው። እውነተኛው ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 12.66 ሜትር ነው። በ1/72 ወደ 17.6 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ በ1/48 26.4፣ በ1/32 ደግሞ 40 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። እኔ የ1/48 ሰው ነኝ። 1/32 ያምራል፤ ግን መደርደሪያውን ብቻውን ይወርሰዋል። የዳውንትለስ ክንፍ አይታጠፍም፤ ሞዴሉም እጁን ዘርግቶ ነው የሚቀመጠው።

አውሮፕላኑን የነደፈው የዳግላስ አውሮፕላን ፋብሪካው መሐንዲስ ኤድ ሃይነማን ነው፤ መነሻው የኖርዝሮፕ ፋብሪካ ቢቲ-1 አውሮፕላን ነበር። ወደ 6,000 የሚጠጋ ተሠርቷል። የአሜሪካ ምድር ጦር ኤ-24 ብሎ ተጠቅሞበታል፤ ኒውዚላንድና ፈረንሳይም አብርረውታል።

ሞዴል ስገዛ መጀመሪያ የማየው የክንፉን ፍሬን ነው። ይህ ከክንፉ ኋላ ወደ ላይና ወደ ታች የሚከፈት፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ሳህን ነው። አውሮፕላኑ ቁልቁል ሲወርድ ፍጥነቱን ይይዝለታል። ቀዳዳዎቹ የተበሱት ጭራው እንዳይንቀጠቀጥ ነው። በርካሽ ሞዴል ላይ ቀዳዳው የይስሙላ ጉድጓድ ብቻ ነው። ጥሩውን ወደ አምፖል ብታነሱት ብርሃን በነጠብጣብ ያልፍበታል።

ሰብሳቢው የሚያሳድደው ግን አሜሪካና ጃፓን በፓስፊክ ውቅያኖስ የተዋጉበትን የሚድዌይ ጦርነት ዳውንትለስ ነው። ጁን 4 ቀን 1942 ረፋድ ላይ ከአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ከኢንተርፕራይዝና ከዮርክታውን የተነሱ ዳውንትለሶች አካጊን፣ ካጋንና ሶርዩን በደቂቃዎች ውስጥ በእሳት አጋዩዋቸው። ከሰዓት በኋላ የሂርዩ ተራ ሆነ። አራቱም ፐርል ሃርበርን የደበደቡ የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ነበሩ። አካጊን ያቃጠለችው ቦምብ የኢንተርፕራይዙ አብራሪ የሪቻርድ ቤስት መሆኗን አብዛኛው ጸሐፊ ይቀበላል፤ እኔም አልጠራጠርም። ካጋን መጀመሪያ ማን መታት የሚለው ግን እስካሁን ያከራክራል። የዮርክታውኑ አብራሪ የማክስዌል ሌስሊ ታሪክ ደግሞ ለብቻው ነው። ቦምቡን ለማዘጋጀት ማብሪያውን ሲነካ ቦምቧ ገና መንገድ ላይ ባሕር ገባች። ባዶውን ሆኖም ቡድኑን እየመራ ቁልቁል ወረደ፤ በመትረየስ ብቻ እየተኮሰ። ስለዚህ የሌስሊን አውሮፕላን ጥቃቱ ላይ እንዳለ የሚሠራ ሰው ቦምብ ባይሰቅልበት ይሻላል።

የሚድዌይ ሞዴል ትክክለኛ መሆኑን የአሜሪካ አውሮፕላን መለያ የሆነው ኮከብ ይናገራል። ቀደም ሲል በነጩ ኮከብ መሀል ቀይ ክብ፣ በጭራው ላይም ቀይና ነጭ መስመሮች ነበሩ። ቀዩ ከጃፓን ምልክት ጋር ስለሚያምታታ በሜይ 1942 ሁለቱም እንዲጠፉ ታዘዘ። ሳጥኑ ላይ «ሚድዌይ» ተብሎ ውስጡ ቀይ ክብ ካለ፣ ነገሩ ተበላሽቷል። አንዴ እኔም ሳላጣራ ገዝቼ፣ ቀዩን በቀጭን ብሩሽ በነጭ ስሸፍን አመሸሁ። ጠጋ ብሎ ያየ አሁንም ሮዝ ነገር ያገኝበታል።

ከአምራቾች የሞኖግራም 1/48 አንጋፋው ነው፤ ጎማው ይታጠፋል፣ ቦምቡም ይወድቃል። ለልጅ መጫወቻ፣ ለአዋቂ ትዝታ ነው። በ1990ዎቹ የመጣው የአኩሬት ሚኒየቸርስ ሞዴል በዝርዝር ሥራው ይበልጠዋል። ትልቁን 1/32 ትራምፒተር ሠርቶታል።

እውነተኛውን ማየት የፈለገ ፍሎሪዳ፣ ፔንሳኮላ፣ የባሕር ኃይል አቪዬሽን ሙዚየም ይሂድ። እዚያ ያለው ቁጥር 2106 ሚድዌይ ላይ ራሱ የተዋጋ ነው፤ ከ200 በላይ ጥይት በስቶት ተመለሰ። በ1943 ለማሠልጠኛ ሲያገለግል ሚቺጋን ሐይቅ ውስጥ ወደቀ፤ በ1990ዎቹ ወጣ። ጥይቱ የበሳው ቦታ ላይ የተለጠፈው ቁራጭ ብረት አብሮት ነበር።