ሌጋቶ ምንድን ነው? ከኖታው በላይ የተሰመረው ቅስት ለማሲንቆና ለቫዮሊን ተጫዋች

ሌጋቶ ማለት ድምፆችን ሳያቋርጡ አያይዞ መጫወት ነው። በኖታ ላይ የሚታወቀው ከድምፆቹ በላይ ወይም በታች በሚሰመር ቅስት ሲሆን ምልክቱ ስለር ይባላል። ደጋን ለያዘ ሰው ግን ትርጉሙ ጠበቅ ይላል፤ በቅስቱ ውስጥ ያሉት ድምፆች በሙሉ ደጋኑ አቅጣጫ ሳይቀይር፣ በአንድ ስበት ወይም በአንድ ግፊት ማለቅ አለባቸው። የግራ እጅ ጣት ይቀያይራል፣ ቀኝ እጅ መንገዱን ይቀጥላል። ክራርና በገና በጣት ወይም በመምቻ የሚመቱ ስለሆኑ ይህ ጉዳይ ብዙም አይነካቸውም።

በጎጃም ማሲንቆ የሚይዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው በጆሮው ነው፤ ከኖታ ጋር የሚገናኘው ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ወይም በባንድ ውስጥ ከቫዮሊን ጎን ሲቀመጥ ነው። ከጽሕፈት በላይ ምልክት ማየት ግን ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ድጓ የተማረ ሁሉ ርክርክን፣ ሂደትን፣ ቁርጥን ለይቶ ያውቃል። ልዩነቱ የዜማ ምልክት ለድምፅ የሚናገር ሲሆን በክር መሣሪያ ኖታ ላይ ያለው ቅስት በመጀመሪያ የሚናገረው ለቀኝ ክንድ መሆኑ ነው።

ቅስት ሁሉ ስለር እንዳይመስል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቅስቱ ከፍታቸው አንድ የሆነ ሁለት ጎረቤት ኖታዎችን ካገናኘ ታይ ነው፤ ሁለተኛው እንደ አዲስ አይመታም፣ የመጀመሪያው ድምፅ በሁለቱ ድምር ልክ ይረዝማል። ሌላው ወጥመድ ለዘፋኝ የተጻፈ ኖታ ነው። በዚያ ላይ ቅስት የሚሰመረው አንዱ የቃል ክፍለ ድምፅ በብዙ ኖታ ላይ ሲዘረጋ ነው። ማሲንቆ ተጫዋች ያንን ወረቀት እንዳለ አንብቦ ደጋኑን በዚያ ከከፈለ፣ አንዳንዱ ቅስት በጣም ይረዝምበታል፣ ቅስት የሌለበት ቦታ ደግሞ ቁርጥርጥ ይልበታል። ለድምፅ የተጻፈ ኖታ ከመጫወት በፊት የደጋን ክፍፍሉን በእርሳስ እንደገና መጻፍ ይሻላል።

የአቅጣጫ ምልክቶቹ ሁለት ናቸው። «በ» ፊደልን የሚመስለው፣ ከታች ክፍት የሆነው ምልክት ደጋኑን ከእጀታው ወገን ጀምሮ ወደ ጫፉ መሳብ ነው። ታች ላይ የሾለው፣ ሁለት መስመር የሚገናኝበት ምልክት ደግሞ ከጫፉ ወደ እጀታው መግፋት ነው። የመለኪያው፣ ማለትም በኖታው ላይ በቋሚ መስመር የሚለየው የምቶች ክፍል፣ የመጀመሪያ ምት ብዙ ጊዜ ስበት የሚሆነው በእጀታው አካባቢ እጅ ለክሩ ስለሚቀርብ ነው። በቫዮሊን ላይ ደጋኑ በክሩ ላይ ስለሚያርፍ የራሱ ክብደትም ያግዛል፤ የማሲንቆ ክር ወደ መቆሙ ስለሚያደላ ጫናው ሁሉ የሚመጣው ከእጅ ነው። ስለዚህ ማሲንቆ ላይ ስበትንና ግፊትን እኩል ማሰማት ይቀላል፣ ጠንካራውን ምት ማጉላት ግን ተጨማሪ ሥራ ይጠይቃል።

ትልቁ ጉዳይ ደጋንን ማካፈል ነው። የሙሉ ቫዮሊን ደጋን ጭራ ወደ 65 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ምት ቆጣሪው ሜትሮኖም 60 ላይ ሆኖ፣ ማለትም በየሰከንዱ አንድ ምት እየመታ፣ አራት ባለ አንድ ምት ኖታዎች በአንድ ስለር ከታሰሩ፣ ደጋኑ በአራት ሰከንድ ውስጥ መጨረስ አለበት፤ ለአንዱ ኖታ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሰዋል። የማሲንቆ ደጋን አጭርና ጎበጥ ያለ ነው። የሚሠራው የጭራ ርዝመት 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለአንዱ ምት 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው የሚቀረው። ጀማሪ በመጀመሪያው ኖታ ላይ ግማሹን ያባክናል፣ አራተኛው ላይ ሲደርስ ደጋን የለውም፤ ያኔ ወይ ድምፁ ይሰልላል ወይ ክንዱ ሳያስበው ይመለሳል። መፍትሔው ጭራውን በዓይን አራት ቦታ ከፍሎ በመጀመሪያ ጣት ሳያሳርፉ፣ በባዶ ክር ብቻ እየቆጠሩ መሳብና መግፋት ነው። ድምፁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ሲሆን ጣቶቹ ይጨመራሉ።

ከዚህ የሚከብደው ሦስት ታስረው አንድ ለብቻው የሚቀርበት አጻጻፍ ነው። በቫዮሊን ደጋን፣ በዚያው ፍጥነት ሦስቱ በስበት 48 ሳንቲ ሜትር ይወስዳሉ። አራተኛው ወደ መነሻው ለመመለስ ያንኑ 48 በአንድ ሰከንድ መጨረስ ስላለበት ደጋኑ በሦስት እጥፍ ይፈጥናል፣ ድምፁም ሳይፈለግ ይጮኻል። ፍጥነቱን ላለመጨመር 16 ብቻ ቢመለሱ ደግሞ ቀጣዩ መለኪያ የሚጀምረው 32 ሳንቲ ሜትር ከተበላ በኋላ ነው፤ የቀረው 33 ነው፣ የሚያስፈልገው 48፣ ስለዚህ ሁለተኛው መለኪያ ላይ ደጋኑ ያልቃል። የሚያዋጣው ሦስቱን በግማሽ ደጋን መቆጠብና አራተኛውን ፈጠን ግን ቀለል አድርጎ፣ ጫናውን ከክሩ ላይ አንስቶ መመለስ ነው።

በ6/8፣ ማለትም በአንድ መለኪያ ስድስት አጫጭር ምት፣ የሚሄደው ቺክቺካም ተመሳሳይ ችግር አለበት። እስክስታ በሚያስወርድ ፍጥነት ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር እያለ ሲሄድ ረጅሙን ስቦ አጭሩን መግፋት ደጋኑን ወደ ጫፉ ያንሸራትተዋል። ለዚህ ሲባል ሁለቱ በቅስት ታስረው በአጭሩ ላይ ነጥብ ይደረጋል። ረጅሙ ይሳባል፣ ደጋኑ ክሩ ላይ እንዳለ ለቅጽበት ይቆማል፣ አጭሩም በዚያው አቅጣጫ ይሳባል፤ ቀጣዩ ጥንድ በግፊት ይመለሳል። ሲቆም ደጋኑ ከክሩ አይነሳም፤ ከተነሳ ሲመለስ ይፏጫል።

ነጥቡ ቅስት ሳይኖር ለብቻው ከመጣ ስታካቶ ነው፣ ድምፁ ያጥራል። በቅስት ውስጥ አጫጭር ሰረዞች ከተደረጉ ድምፆቹ በአንድ አቅጣጫ እየተጫኑ፣ በመሀላቸው ጥቂት እየለቀቁ ይሄዳሉ፤ ፖርታቶ ይሉታል። ፒዚካቶ የሚል ካለ ደጋኑ ይተውና ክሩ በጣት ይነቀላል፣ አርኮ ሲል ወደ ደጋን ይመለሳል።

ማሲንቆ ላይ ሌጋቶን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ደጋኑ ሳይሆን የዘገየ ጣት ነው። ክሩ አንገቱ ላይ ተጭኖ አይያዝም፣ ጣት በክሩ ላይ ብቻ ያርፋል፤ ስለዚህ ጣቱ ግማሽ ልብ ሆኖ ከደረሰ በሁለቱ ድምፆች መካከል ሻካራ ትንፋሽ ይሰማል። ያረፈው ጣት ሳይነሳ ቀጣዩን ማዘጋጀት ይረዳል። ጭራው ላይ የሚታሸው ዕጣንም መጠን ይፈልጋል፤ ጭራው ካነሰው ደጋኑ ይንሸራተታል፣ ከበዛበት ደግሞ እያንዳንዱ የአቅጣጫ ለውጥ ይንቋቋል፣ ስለሩ የት እንዳለቀ ሁሉም ሰው ያውቃል።

የተጻፈው ስለር ለማሲንቆ ደጋን ከረዘመ መቁረጥ ነውር አይደለም። የሚቆረጠው ግን ደጋን ባለቀበት ሳይሆን ዘፋኙ በሚተነፍስበት ወይም ስንኙ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ሁለት ማሲንቆዎች አብረው ከተቀመጡ አንዱ ወረቀት ላይ የተቆረጠው በእርሳስ ሌላው ላይም ይገልበጥ፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ከገፋ ድምፁ ላይ ባይታወቅ እንኳ ጠንካራው ምት ላይ ይታወቃል።