የቁስል ፈውስ ሙከራ ምንድን ነው?

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ልጅ ማጭድ ይቆርጠዋል። ትልቅ ሰው ብሳና ቀንጥሶ ፈሳሹን ያንጠባጥብበታል። አንዳንዱ ደግሞ ቅጠል ወቅጦ በቅቤ ለውሶ ይቀባዋል። ከሳምንት በኋላ ቁስሉ ይጠግጋል።

ታዲያ ያዳነው ማን ነው? ቅጠሉ? ቅቤው? ወይስ የልጁ ገላ ራሱ?

የቁስል ፈውስ ሙከራ ይህን ለመለየት የሚሠራ ሥራ ነው። ከባድ የሚያደርገውም አብዛኛው ቁስል ዝም ቢሉትም መዳኑ ነው። ገላችን ደሙን ያረጋል፣ አዲስ ሥጋ ያበቅላል፣ ከዳር እስከ ዳር ቆዳ ያለብሳል። ስለዚህ «ቀባሁት፣ ዳነ» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ጎንደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎችን በመሳሰሉ ተቋማት ሥራው የሚጀምረው ከቅጠሉ ነው። መጀመሪያ የዕፅዋት ባለሙያ ዓይነቱን ያረጋግጣል፤ አንድ ስም ለሁለት ተክል የሚውልበት ጊዜ አለና። ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ብዙ ጊዜ ሜታኖል በተባለ የአልኮል ዓይነት (80 በመቶ) ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል። ፈሳሹ ተጣርቶ ሲተን የሚቀረውን ኤክስትራክት ይሉታል። እሱ በ5 ወይም በ10 በመቶ መጠን ከቅባት ጋር ይለወሳል።

ከዚያ ተራው የአይጦች ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ አይጀመርም። አይጦቹ ደንዝዘው ከጀርባቸው ላይ ክብ ቆዳ ይነሳል። በቡድን ይከፈላሉ። አንዱ ቡድን ኤክስትራክት ያለበትን ይቀባል። ሌላው ናይትሮፉራዞን የተባለውን የታወቀ የቁስል ቅባት ያገኛል። አንዱ ግን ምንም ቅጠል የሌለበትን ባዶ ቅባት ብቻ ይቀባል።

እኔ የሙከራው እምብርት የምለው ይህን ባዶ ቅባት ነው። ቅባት ቁስሉን እርጥብ አድርጎ ያቆያል፣ እርጥበት ደግሞ በራሱ ያድናል። ጆርጅ ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1962 በአሳማ ላይ እንዳሳየው፣ እርጥብ ሆኖ የተሸፈነ ቁስል አየር ላይ ከደረቀው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ ይለብሳል። ባዶው ቡድን ከሌለ የቅቤውን ሥራ ለቅጠሉ እንሰጠዋለን።

መለኪያው ቀላል ነው። በየሁለት ቀኑ ከሥሩ ያለውን በሚያሳይ ስስ ወረቀት የቁስሉ ዳር ይነደፋል፣ ስፋቱ ይሰላል። 300 ካሬ ሚሊሜትር የነበረው 60 ከደረሰ 80 በመቶ ጠቧል ማለት ነው። ቅርፊቱ በስንተኛው ቀን እንደወደቀም ይቆጠራል። በሌላ ሙከራ ደግሞ ቆዳው ተሰንጥቆ ይሰፋና፣ በ10ኛው ቀን ገደማ ጠባሳው ስንት ኃይል ሲጎትተው እንደሚቀደድ ይለካል።

ውጤቱ ቢያምርም ገና ነው። የአይጥ ቆዳ ልል ነው፤ ከሥሩ ስስ ጡንቻ ስላለ ቁስሉ በዋናነት ተሰብስቦ ይዘጋል። የእኛ ግን አዲስ ሥጋ አብቅሎ፣ ቆዳ ለብሶ ነው የሚድነው። ደግሞም የተፈተነው በላቦራቶሪ የተዘጋጀው ቅባት እንጂ ከጓሮ የተቀነጠሰው ቅጠል አይደለም። አፈር የነካው ቅጠል የመንጋጋ ቆልፍን ተሕዋስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። እባካችሁ ጥልቅ ቁስል ላይ አታድርጉት፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

እስከ ሰው የዘለቀ ምሳሌ አለ። በርች ከሚባል ዛፍ ቅርፊት የተሠራ ጄል፣ ቆዳቸው በትንሽ ንክኪ እየተላጠ በሚቆስል፣ በዘር የሚወረስ ሕመም ባለባቸው 223 ሰዎች ላይ ተፈተነ። በ45 ቀን ውስጥ ጄሉን ከተቀቡት 41.3 በመቶው የተመረጠው ቁስላቸው ተዘጋ። ቅርፊት የሌለበትን ጄል ከተቀቡትም 28.9 በመቶው ተዘጋላቸው። አውሮፓ መድኃኒቱን እ.ኤ.አ. በ2022፣ አሜሪካ በ2023 አጸደቁት። የዛፉ ድርሻ ተብሎ የተቆጠረለት 41.3ቱ ሳይሆን በመሃል ያለው 12 በመቶ ገደማ ነው።