ወንጌሉ የሚነበበው ለማን ነው?

ጥር 22 የአባታችን የእንጦንስ በዓል ነበር። በረከቱ ይደርብን። በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን የእሱ ታሪክ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

እንጦንስ ግብፃዊ ነው፤ የባለጠጋ ልጅ። ወላጆቹ ሲሞቱ ዕድሜው ከ18 እስከ 20 ቢሆን ነው። ታናሽ እህት አለችው፤ በአገሩ ስፍር 300 አሩራ ለም መሬትም ወርሷል። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ወንጌል እየተነበበ ደረሰ፦ «ፍጹም ልትሆን ብትወድ፥ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ»። ቃሉን ለሌላ ሰው አልተወውም። ወጣ፤ መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ። ዕቃውን ሸጦ ለድሆች አከፋፈለ፤ ለእህቱ ብቻ ጥቂት አስቀረ። ሌላ ቀን ደግሞ «ለነገ አትጨነቁ» ሲባል ሰማ። ያቺኑ ጥቂትም ለድሆች ሰጠ፤ እህቱን ለታመኑ ደናግል አደራ ብሎ መነነ። ይህን የጻፈልን ቅዱስ አትናቴዎስ ነው።

እኛም ያንኑ ወንጌል ቆመን እንሰማለን። ከዚያ «እሱ እንኳን ለእኔ አይመቸኝም» እንላለን። እውነት ከአባቶቻችን የተማርነው ነው? ሰው የራሱ ዳኛ ነው፣ ደስ ያለህን አድርግ የሚለው የዛሬው ምዕራብ ትምህርት ነው። ዲሲ ያለውም አዲስ አበባ ያለውም በስልኩ እኩል ጠጥቶታል። ጾሙ ሲከብደን «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው»። የንስሐ አባታችን ሲገሥጹን ብሎክ። ሰባኪው ሲቆጣ፣ የሚያሞግሰን እስኪገኝ ድረስ ቻናል መቀያየር። ቤተ ክርስቲያንን ሱቅ አደረግናት። ደንበኛ ደግሞ ንጉሥ ነው አይደል?

በ20ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ ላይ ያደገው የብልጽግና ወንጌልማ ይባስ ብሎ ክርስቶስን ገንዘብ ማግኛ አደረገው። እንጦንስ ሀብቱን የጣለለትን ጌታ! የሌሎች ችግር ነው ብላችሁ አትለፉት። ስለት ስትሳሉ ምን እንደምትለምኑ እስቲ አስቡት።

ምዕራቡን በጅምላ መስደብም ግን አይገባም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ386 ኋላ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ታላቅ መምህር የሆነው አውግስጢኖስ ሚላን ሆኖ የእንጦንስን ነገር ሲሰማ ልቡ ተሰበረ፤ በዚያው ሰሞን ወደ ጌታ ተመለሰ። ያወራለት ሰው ትሪየር ከተማ ስላሉ ሁለት የንጉሥ ሹማምንትም ነግሮታል፤ ገድሉን አንብበው ሹመታቸውን የጣሉ ናቸው። እነዚያም ምዕራባውያን ነበሩ። ቃሉን ለራሳቸው ሰሙት፤ አለቀ።

ሁለት ሥራ እየሠራችሁ፣ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ መጥታችሁ ቅዳሴ ላይ እንቅልፍ የሚያታግላችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህ ተግሣጽ ለእናንተ አይደለም። እንደምንም መጥታችሁ መቆማችሁን እግዚአብሔር ያያል። አይዟችሁ።

የንስሐ አባታችሁን ብሎክ ያደረጋችሁ ግን ዐቢይ ጾም ሳይገባ ክፈቱና ደውሉላቸው።